ለየዕለት መኪና የፍሬን ዲስክ አመራረጥ፦ ከመለካት እስከ ማላመድ

የፍሬን ዲስክ ሊገዛ የሄደ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በቀዳዳና በቀለም ላይ ነው። የተበሳሳው፣ የተቦረቦረው፣ ወርቃማ ቀለም የተቀባው ጠንካራ ይመስላል። መኪናውን የሚያቆመው ግን መልኩ አይደለም። የዲስክ ዋና ሥራ ሙቀት መዋጥ ነው፤ ሙቀቱን የሚውጠው ደግሞ ብረቱ ነው።

ቁጥሩን እንየው። 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ተይዞ ሲቆም፣ ወደ 540 ኪሎጁል የሚጠጋ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሚገባው አራቱ ጎማዎች ጋ ባለው ብረት ውስጥ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል፣ አብዛኛውን ሸክም የሚወስዱት የፊት ዲስኮች ናቸው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ሙቀቱ የሚጨምረው በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ነው።

ስለዚህ ለሥራና ለቤት በየቀኑ የሚነዳ መኪና የሚያስፈልገው፣ ልኩ ሳይዛነፍ የሚገጥም፣ በቂ ብረት ያለው፣ ፊቱ ያልተበሳና ከዝገት የተጠበቀ ዲስክ ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ መርጦ ማግኘት ይቻላል። ሥራው የሚጀምረው ግን ሱቅ ከመሄድ በፊት ነው።

1. መጀመሪያ ያለውን ለኩ

ዲስክ የሚቀየረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በውፍረት ነው። አንዱ ሰው 100,000 ኪሎ ሜትር ይሄድበታል፤ ሌላው ግማሹን ሳይሄድ ይጨርሰዋል። የአነዳዱ ሁኔታ፣ ዲስኩን እየተጫነ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ዓይነት፣ የመንገዱ ቁልቁለት፣ የሚጫነው ክብደት፣ ሁሉም ይወስናሉ።

እያንዳንዱ ዲስክ ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛ ውፍረት አለው። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ጠርዝ ላይ ወይም መሃሉ ላይ ቆብ መስሎ በወጣው ክፍል ላይ ተቀርጿል። ቁጥሩ አጠገብ በላቲን ፊደል «ሚን ቲኤች» የሚል ምልክት ታያላችሁ። ዝገት ሸፍኖት ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ አድርጉት፤ ይወጣል። ከአዲስ እስከ ዝቅተኛው ያለው ልዩነት በብዙ የቤት መኪኖች 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ለምሳሌ አዲስ ሲሆን 22 ሚሊ ሜትር የነበረ ዲስክ፣ ዝቅተኛው 20 ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ሸራው ከሁለቱም ወገን ስለሚበላው፣ በእያንዳንዱ ፊት ያለው ትርፍ 1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

አለካኩ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሸራው የማይደርስበት የዲስኩ ዳር ሳይበላ ይቀርና ከፍ ያለ ጠርዝ ይሠራል። ተራ ካሊብሮ ይዛችሁ ከዳር ብትለኩ፣ የካሊብሮው መንጋጋ የሚያርፈው እዚያ ከፍ ያለ ጠርዝ ላይ ነው። ቁጥሩ ጥሩ ይመስላል፤ ዲስኩ ግን አልቋል። ትክክለኛው መሣሪያ ማይክሮሜትር፣ ማለትም ውፍረትን በሁለት ቀጫጭን ጫፎች መካከል ይዞ የሚለካው ነው። ጫፎቹን ከጠርዙ ወደ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቡና፣ ዲስኩን እያዞራችሁ በስድስት ወይም በስምንት ቦታ ለኩ። ማይክሮሜትር ከሌለ፣ በሁለቱም ፊት ላይ እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ሳንቲሞች አስደግፋችሁ በካሊብሮ ለኩና የሳንቲሞቹን ውፍረት ቀንሱ። እንደ ማይክሮሜትር ባይሆንም ከጠርዙ ወጥመድ ያወጣችኋል።

በተለያየ ቦታ የምትለኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚርገበገብ ከሆነ ብዙ ሰው «ዲስኩ ተጣሟል» ይላል። እንደ ሳህን የተቆለመመ ዲስክ ግን እምብዛም አያጋጥምም። በአብዛኛው የሚሆነው ውፍረቱ ከቦታ ቦታ መለያየቱ ነው። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ ከ0.02 ሚሊ ሜትር ትንሽ ሲያልፍ ግን እግር ፔዳሉ ላይ ይሰማዋል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ወይ ዲስኩ ሞዞው (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት የሚሽከረከር ክፍል) ላይ ቀጥ ብሎ ስላልተቀመጠ በየዙሩ ሸራውን አንድ ቦታ ላይ እየነካ ተበልቷል፤ ወይም ደግሞ በጣም ግሎ ሳለ ሸራው አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ቆይቶ ቁሱን እዚያ ለጥፎበታል።

ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። መንስኤው ሞዞው ላይ ያለ ዝገት ከሆነ፣ የዓለም ምርጡን ዲስክ ብትገዙም ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ያው መርገብገብ ይመለሳል።

ውፍረቱ ቢበቃም ዲስኩ የሚቀየርባቸው ሁኔታዎች አሉ። ከዳር የጀመረ ወይም እስከ ዳር የደረሰ ስንጥቅ ካለ፣ ውይይት አያስፈልገውም፤ ይቀየራል። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት፣ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት የተፋጨበት ፊት፣ የአየር መተላለፊያውን የበላ ዝገት፣ እነዚህም እንደዚያው። ሰማያዊ ነጠብጣብ ካያችሁ ዲስኩ ከልክ በላይ ግሏል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ ራሱ ተለውጦ ጠንክሯል፤ ቶርኖ (የብረት መላጫ ማሽን) ላይ ቢላጭም ጠንካራው ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ችግሩ ይመለሳል።

ቶርኖን ካነሳን አይቀር፣ ዲስክ ማስላጨት የሚያዋጣው ከተላጨ በኋላ የሚቀረው ውፍረት ከዝቅተኛው በግልጽ ሲበልጥ ብቻ ነው። በተላጨ ቁጥር ሙቀት የሚውጠው ብረት ይቀንሳል። ለእኔ ግማሹን ዕድሜውን የጨረሰ ተራ ዲስክ አስላጭቶ መልሶ ከመግጠም አዲስ መግዛት ይሻላል።

ከመነሳታችሁ በፊት ሸራዎቹንም ተመልከቱ። በአንድ ጎማ ላይ የውስጡ ሸራ አልቆ የውጪው ገና ወፍራም ከሆነ፣ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል ወይም ሸራውን የሚገፋው ፒስተን አይመለስም። ያ ሳይስተካከል አዲስ ዲስክ መግጠም አዲሱን ዲስክ ማቃጠል ነው።

2. የመኪናችሁን ትክክለኛ ልክ እወቁ

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። «የዚህ መኪና፣ የዚህ ዓመት ዲስክ ስጠኝ» ማለት አይበቃም። አንድ ሞዴል፣ በአንድ ዓመት፣ እንደ ሞተሩና እንደ ደረጃው ሁለትና ሦስት ዓይነት የዲስክ ልክ ሊኖረው ይችላል። ባለ 15 ኢንች ቸርኬውና ባለ 16 ኢንቹ የተለያየ ዲስክ ይዘው ከፋብሪካ የሚወጡባቸው ሞዴሎች ብዙ ናቸው። አስተማማኙ መንገድ የሻንሲ ቁጥሩን ሰጥቶ የክፍሉን ቁጥር ማውጣት ነው። ያም ሆኖ በእጅ የተለካ ልክ ይዞ መሄድ አይጎዳም። ያገለገለ መኪና ከሆነ በተለይ፣ ቀድሞ የነበረው ሰው ካሊፐሩን ከሌላ ሞዴል አምጥቶ ገጥሞት ሊሆን ይችላል።

የሚለኩት እነዚህ ናቸው፦

- የዲስኩ ጠቅላላ ስፋት ከዳር እስከ ዳር
- የዲስኩ ውፍረት፣ አዲስ ሲሆን
- ጠቅላላ ቁመቱ፣ ማለትም ከቆቡ አናት እስከ ዲስኩ ጀርባ
- የመሃል ቀዳዳው ስፋት
- የዳዶ (የጎማ ማሰሪያ) ቀዳዳዎቹ ብዛትና የተደረደሩበት ክብ ስፋት፣ ለምሳሌ 4 በ100 ወይም 5 በ114.3 ሚሊ ሜትር

ከእነዚህ ውስጥ ሰው የሚረሳው ቁመቱን ነው። ስፋቱ ልክ ሆኖ ቁመቱ በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር ቢለያይ፣ ዲስኩ ይገባል፤ ጎማውም ይታሰራል። ነገር ግን ካሊፐሩ መሃል ላይ አይቀመጥም፤ አንዱ ሸራ ሁልጊዜ ይታከካል። የመሃል ቀዳዳውም እንዲሁ ነው። ሰፋ ካለ ዲስኩ ሞዞው ላይ መሃሉን አይይዝም። ጠበብ ካለ ደግሞ በመዶሻ ለማስገባት የሚሞክር አይጠፋም፤ ይህ ፈጽሞ አይደረግም።

የኋላ ዲስክ የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ መኪኖች የእጅ ፍሬኑ በኋላ ዲስክ ቆብ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ታምቡር፣ ማለትም ሸራው ከውስጥ በኩል የሚጫነው ክብ ፍሬን ነው። እዚያ ላይ የቆቡ የውስጥ ስፋትም መግጠም አለበት፤ ይህም የራሱ የመጨረሻ ልክ ተጽፎበት ታገኙታላችሁ። በአንዳንድ የሬኖና የፔጆ ሞዴሎች ደግሞ የኋላው ዲስክ ከኩሽኔታው ጋር አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ኩሽኔታው ጠርዝ ላይ ለኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ ለሚከላከለው ሥርዓት) የሚያገለግል መግነጢሳዊ ቀለበት አለ። ርካሹ ዲስክ ያለ ኩሽኔታ ወይም ያለ ቀለበቱ ሊሸጥ ስለሚችል፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ከአሮጌው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ።

3. ዓይነቱን ምረጡ

በመጀመሪያ ድፍንና ባለ አየር መተላለፊያ የሚለውን እንለይ። ድፍኑ አንድ ወጥ ብረት ነው። ባለ መተላለፊያው ሁለት ፊቶች አሉት፤ በመካከላቸው ግድግዳ ግድግዳ ተደርድሮ ሲሽከረከር አየር ከመሃል ስቦ ወደ ዳር ይገፋል። በአብዛኛው ፊት ላይ ባለ መተላለፊያው፣ ኋላ ላይ ድፍኑ ይገጠማል። ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ፋብሪካው ያስቀመጠውን ትከተላላችሁ፤ ካሊፐሩ የተሠራው ለዚያ ውፍረት ነውና።

ምርጫው የሚመጣው ፊቱ ላይ ነው፦ ለስላሳ፣ የተቦረቦረ (ቦይ የወጣለት) ወይም የተበሳ።

የተበሳው ዲስክ የመጣበት ምክንያት አለው። የድሮ ሸራዎች በጣም ሲግሉ በውስጣቸው ያለው ማጣበቂያ ጋዝ ያወጣ ነበር። ጋዙ በሸራውና በዲስኩ መካከል ሲገባ ፍሬኑ ይንሸራተታል። ቀዳዳዎቹ ለዚያ ጋዝ መውጫ ነበሩ። የዛሬ ሸራዎች ይህ ችግር በጣም ቀንሶላቸዋል። ቀዳዳዎቹ አሁንም ውሃን ቶሎ ያስወግዳሉ፤ ክብደትም በጥቂቱ ይቀንሳሉ። ነገር ግን ከዲስኩ የሚወጣው ያ ክብደት ሙቀት ይውጥ የነበረ ብረት ነው። ብረት ሲግልና ሲቀዘቅዝ ጭንቀቱ የሚሰበሰበው ደግሞ ቀዳዳ አካባቢ ነው። በርካሽ የተበሳ ዲስክ ላይ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው የሚሄዱ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆችን ማየት የተለመደ ነው። ፖርሼን የመሰሉ አምራቾች የተበሳ ዲስክ ከፋብሪካ ይገጥማሉ። እነሱ ግን ዲስኩን ከመጀመሪያው ለዚያ ብለው ይነድፉታል፤ ስፋቱንም ከፍ ያደርጉታል። ተራ ዲስክ በመሰርሰሪያ በመብሳት ያ ውጤት አይገኝም።

የተቦረቦረው ከተበሳው ይሻላል። ቦዮቹ የሸራውን ፊት እየፋቁ ያድሱታል፤ ከባድ ዕቃ ለሚጎትት ወይም ጭቃ ላይ ለሚውል መኪና ይጠቅማል። ዋጋውን የምትከፍሉት ሸራው ቶሎ በማለቁና ፍሬን ሲያዝ በሚሰማ ዝቅተኛ የመፈተግ ድምፅ ነው።

ለየዕለት መኪና ምክሬ አያወላውልም፤ ለስላሳውን ግዙ። ለተበሳው የምትጨምሩትን ገንዘብ ለተሻለ ብረት፣ ለተሻለ ሽፋንና ለጥሩ ሸራ አውሉት። ከዚህ ያለፈ ፍሬን ያስፈልገኛል የሚል ሰው የሚያስፈልገው ትልቅ ዲስክና ትልቅ ካሊፐር ነው፤ ቀዳዳ ያንን አይተካም። የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ደግሞ ለውድድርና በጣም ውድ ለሆኑ መኪኖች የተሠራ ስለሆነ እዚህ አናነሳውም።

4. ብረቱን አንብቡ

የየዕለት መኪና ዲስክ የሚሠራው መካኒኮች ጊዛ ከሚሉት፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከሚፈስ ግራጫ ብረት ነው። በውስጡ ያለው ካርቦን በጥቃቅን ቅርፊት መልክ ይቀመጣል። እነዚያ ቅርፊቶች ሙቀትን በፍጥነት ያስተላልፋሉ፤ ንዝረትንም ይውጣሉ። ለዚህ ነው ጊዛ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ከቦታው ያልተነሳው።

«ከፍተኛ ካርቦን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዲስክ ካርቦኑ ከተራው ጨመር ያለ ነው። ሙቀትን የመቋቋም ችሎታው ይሻላል፤ ፍሬን ሲያዝ የሚሰማውን ማፏጨትና መርገብገብም ይቀንሳል። ቁልቁለት ለሚበዛበት፣ ሙሉ ተሳፋሪ ለሚጭን፣ ቆም ሄድ እያለ ለሚውል መኪና ጥሩ ወጪ ነው። አንዳንድ መኪኖች፣ በተለይ ከበድ ያሉ የጀርመን የቤት መኪኖች፣ ከፋብሪካው የሚመጡት በዚህ ዓይነት ዲስክ ነው። የእናንተ መኪና ከፋብሪካው ከፍተኛ ካርቦን ይዞ ከመጣ ወደ ተራው አትውረዱ።

ላቦራቶሪ የሌለን ሰዎች ብረቱን እንዴት እንለየው? በሚዛን። ለአንድ መኪና የተሠሩ፣ ልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ዲስኮችን መዝኑ። አንደኛው በግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀለለ የሆነ ቦታ ብረት ጎድሏል። የት እንደጎደለ ለማየት ዲስኩን አቁሙና በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ሁለቱ ፊቶች እኩል ውፍረት አላቸው? አንዱ ወፍራም ሌላው ስስ ከሆነ ሲፈስ ቅርጹ ተንሸራቷል፤ እንዲህ ያለው ዲስክ ሲግል እኩል አይለጠጥም። ግድግዳዎቹንም ቁጠሩ። ፋብሪካው 36 የሠራበትን ቦታ በ28 የጨረሰ አለ። ግድግዳ ሲቀንስ የሚተነፍሰው አየርም፣ ሙቀት የሚይዘው ብረትም አብሮ ይቀንሳል። በግድግዳዎቹ መካከል የተረፈ አሸዋ ወይም የብረት ጉብታ ካለም አትግዙት።

ጠርዙ ላይ እንደ ተነከሰ ያለ ለስላሳ ቁርጥ ካያችሁ ግን አትደንግጡ። ያ ዲስኩ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ሆን ተብሎ የተነሳ ብረት ነው፤ እንዲያውም አምራቹ ሚዛን እንደሠራ ያሳያል።

ግድግዳዎቹ የተጠማዘዙ ከሆኑ የግራና የቀኝ ጎማ ዲስክ ይለያያል፤ የክፍል ቁጥሩም ሁለት ነው። ግድግዳው ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር ሲሄድ ከሚሽከረከርበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት። ብዙ ሰው ተቃራኒው ትክክል ይመስለዋል። ግድግዳዎቹ ቀጥ ካሉ ይህ ጉዳይ አይመለከታችሁም።

አንድ ምልክት ደግሞ ፈልጉ። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች ውስጥ ቁጥር 90 የሚባለው፣ የመለዋወጫ ፍሬን ክፍሎች ከመጀመሪያው ክፍል ጋር ተወዳድረው እንዲፈተኑ ያስገድዳል። ይህንን ያለፈ ዲስክ ክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ፊደልና ቁጥር፣ ቀጥሎም 90 የሚል የማጽደቂያ ቁጥር ተቀርጾበታል። ከ«ኢ» አጠገብ ያለው ቁጥር ማጽደቂያውን የሰጠውን አገር ነው የሚያሳየው፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን። ዲስኩ የተሠራበትን አገር አይናገርም። ምልክቱ ሣጥኑ ላይ ብቻ ሆኖ ብረቱ ላይ ከሌለ ጠርጥሩ። ደንቡ በማይሠራባቸው ገበያዎች ምልክቱ የሌላቸው ጥሩ ዲስኮችም አሉ፤ ምልክቱ ካለ ግን ለመምረጥ ጠንካራ ምክንያት ነው።

5. ሽፋኑን እዩ

ዲስክ ፍሬን የሚይዝበት ፊቱ ቢዝግ ግድ የለም። ዝናብ ካደረ ጠዋት የሚታየው ቀይ ዝገት በጥቂት ፍሬን ተፍቆ ይሄዳል። ጉዳት ያለው ሸራ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው፦ ቆቡ፣ ጠርዙና የአየር መተላለፊያው። እዚያ ዝገት እየተነባበረ ብረቱን ይበላል፤ ከዳር ወደ ፊቱም ይሾልካል።

ጥሩ ሽፋን ዚንክ ያለበት ግራጫ ቅብ ሲሆን መላውን ዲስክ፣ መተላለፊያውን ጨምሮ ይሸፍናል። በፊቱ ላይ ያለው በመጀመሪያዎቹ ፍሬኖች ተፍቆ ይወጣል፤ ማጠብም አያስፈልገውም። ዘይት ተቀብቶ የሚመጣው ተራ ዲስክ ግን ከመገጠሙ በፊት በፍሬን ማጽጃ ሁለቱም ፊቱ በደንብ መታጠብ አለበት።

ሃይብሪድ ወይም ኤሌክትሪክ መኪና የምትነዱ ከሆነ ሽፋኑን ከሁሉ አስቀድሙ። በእነዚህ መኪኖች አብዛኛውን ማቆም የሚሠራው ሞተሩ ራሱ ኃይል እየመለሰ ስለሆነ፣ ዲስኩ ከመበላት ይልቅ ሳይነካ ተቀምጦ ይዝጋል። ቮልስዋገን አይዲ 3 እና አይዲ 4 ላይ ከኋላ ወደ ታምቡር የተመለሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

6. ከማን ልግዛ?

ኦሪጅናል የሚባለው የመኪናው አምራች ሣጥን ውስጥ ያለው ነው። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ድርጅት የተሠራ ነው። አድቪክስ ለቶዮታ፣ አቴ ለብዙ የአውሮፓ መኪኖች የፍሬን ክፍል ያቀርባሉ። ብሬምቦ፣ ቴክስታር፣ ዚመርማን፣ ቲአርደብልዩ፣ ቦሽም በመለዋወጫ ገበያ የታወቁ ናቸው። ከእነዚህ የአንዱን በትክክለኛው የክፍል ቁጥር ማግኘት ከቻላችሁ፣ የኦሪጅናሉን ሣጥን ዋጋ የግድ መክፈል የለባችሁም።

የታወቀ ስም ሁሉ ግን አስመሳይ አለው። ሣጥን ማተም ቀላል ነው፤ ዲስክ በትክክል ማፍሰስ ከባድ ነው። ስለዚህ ከሣጥኑ ይልቅ ዲስኩን ፈትሹ። የክፍል ቁጥሩ ብረቱ ላይም አለ? ፊደሎቹ ጥርት ብለው የተቀረጹ ናቸው? ሁለቱ ዲስኮች ክብደታቸው እኩል ነው? ፊታቸው ላይ ጥፍራችሁን ብታስኬዱ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ዲስክ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል ቦይ ይሰማችኋል? ጥሩ ፊት ደቃቅና ወጥ ነው። ወድቆ የተደነቆለ ዳር ካለ፣ ሻጩ ምንም ቢል አትውሰዱ።

የምትገዙት ጥንድ ነው። የግራው ብቻ ተጎድቶ ቢሆንም የአንድ አክስል ሁለቱም ዲስኮች አብረው ይቀየራሉ፤ አለዚያ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊጎትት ይችላል። ሸራውም አዲስ ይሁን። አሮጌ ሸራ የአሮጌውን ዲስክ ጉድጓድና ጉብታ ቅርጽ ይዟል፤ አዲሱን ዲስክ በመስመር በመስመር ብቻ ነው የሚነካው። ሴራሚክ የሚባለው ሸራ ለዲስክ የዋህ ነው፤ ድምፁና ብናኙም ያነሰ ነው። ብረት የበዛበት ሸራ ሙቀት ላይ ይበረታል፤ ዲስኩን ግን ቶሎ ይበላል። ለከተማ አነዳድ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

7. አገጣጠሙ ላይ አትደራደሩ

ራሳችሁ ብትሠሩም፣ መካኒክ ቢሠራላችሁም፣ ቆማችሁ የምታዩት አንድ ነገር ካለ ይህ ነው፦ የሞዞው ፊት።

አሮጌው ዲስክ ሲወጣ ሞዞው ላይ የዝገት ቅርፊት ይቀራል፤ በተለይ በጎማ ቡሎኖቹ ሥር ዙሪያ። አዲሱ ዲስክ በዚያ ላይ ከተቀመጠ ያዘነብላል። ሞዞው ላይ ያለች ትንሽ ቅርፊት፣ ዲስኩ ዳር ስትደርስ ማዘንበሏ በእጥፍ ይሰፋል። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት የዲስክ መወላገድ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ነው፤ አንድ ወረቀት ያህል ውፍረት ማለት ነው። ስለዚህ ሞዞው በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይጸዳል። የቡሎኖቹ ሥርም፣ የመሃሉ ከንፈርም። ከዚያ በጨርቅ ተጠርጎ ዲስኩ ይቀመጣል። በእጅ ሲገፋ ምንም ሳይወዛወዝ ልጥፍ ማለት አለበት።

ዲያል ጌጅ (መወላገድን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ካለ ዲስኩን በሁሉም ዳዶዎች አስራችሁ ከዳሩ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ መወላገዱን ለኩ። ከተፈቀደው ካለፈ ዲስኩን አውጥታችሁ አንድ ቀዳዳ አዙራችሁ መልሱት። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። አሁንም ካለፈ ሞዞውን ወይም ኩሽኔታውን ጠርጥሩ።

ካሊፐሩ ሲወርድ በፍሬን ቱቦው አይንጠልጠል፤ በሽቦ እሰሩት። መኪናውም በክሪክ ብቻ ቆሞ አይሠራበትም፤ ጠንካራ መደገፊያ ይግባለት። የሚንሸራተቱትን ፒኖች አጽድታችሁ ለፍሬን የተሠራ ግራሶ ቀቡ። ግራሶ ወይም ዘይት የነካው እጅ ግን ወደ ሸራውና ወደ ዲስኩ ፊት አይቅረብ።

የጎማ ዳዶ በአየር ሽጉጥ እስኪጮህ ማጥበቅ አዲስ ዲስክ ከሚያበላሹ ነገሮች አንዱ ነው። በተለያየ ኃይል የጠበቁ ዳዶዎች የዲስኩን ቆብ ይጎትቱታል። በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን ከያዛችሁ በኋላ በተቃራኒው ያለውን እያላችሁ፣ በሁለት ዙር በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ) አጥብቁ። ኃይሉን ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውሰዱ፤ በብዙ የቤት መኪኖች ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው።

መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ ጠንካራ እስኪሆን ደጋግማችሁ ርገጡ። ካሊፐሩ ውስጥ ተገፍቶ የገባው ፒስተን የሚመለሰው በዚህ ነው። ይህን ረስቶ የተነሳ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬን ሲረግጥ እግሩ ወለል ድረስ ይገባል።

8. ማላመድ

አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ኃይላቸውን አይሰጡም። የሸራው ቁስ በዲስኩ ፊት ላይ ስስና ወጥ ሆኖ መቀባት አለበት። የሸራው አምራች የራሱን አሠራር ከጻፈ እሱን ተከተሉ። ካልጻፈ ይህ ይሠራል፦ መኪና በማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሂዱ፤ በመካከለኛ ግፊት እስከ 10 ኪሎ ሜትር ድረስ አብርዱ፤ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ እንደገና ፍጥነት ጨምሩ። በየመካከሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል አየር እንዲያገኝ እየነዳችሁ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ድገሙት። ከዚያ ፍሬን ብዙም ሳትነኩ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ንዱና አቀዝቅዙት።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ዋናው ነገር፣ ዲስኩ ግሎ ሳለ ፔዳል ረግጦ አለመቆም ነው። ሸራው በጋለ ዲስክ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ከቆየ እዚያ ቁስ ይለጥፋል፤ የምትሸሹት መርገብገብ የሚወለደው እንዲህ ነው። የኋላ ዲስክ ከሆነ የእጅ ፍሬኑንም በዚያ ሰዓት አትሳቡ። የሽፋን መቃጠል ሽታና ጥቂት ጭስ መጀመሪያ ላይ ሊኖር ይችላል። ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ፣ ወደ አንድ ወገን መጎተት ወይም የሚሰጥም ፔዳል ካለ ግን ቁሙና አስፈትሹ።

ለመጀመሪያዎቹ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ሁኔታው ካላስገደዳችሁ በስተቀር በድንገት አትርገጡ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች እንደገና ፈትሹ። የአዲሱን ዲስክ ውፍረት፣ የተገጠመበትን ቀንና የኪሎ ሜትር ቁጥሩን አንድ ላይ ጽፋችሁ መመሪያ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጡ። ሸራ በተቀየረ ቁጥር ዲስኩን በዚያው ማይክሮሜትር ለኩትና ከሥሩ ጨምሩበት።